ከጽዋው በላይ የተሰቀለው ሀዲድ

ጽዋውን ስቀበል ቤቴ ትዝ አላለኝም። ጸሎቱ አልቆ ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ ሙሴዋ፣ የማኅበሩን መሪ ሙሴ ነው የምንለው፣ ጽዋውን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ "የሚቀጥለው ተረኛ ማነው?" ስትል ሁሉም አቀርቅሮ ነጠላውን ማስተካከል ጀመረ። የሙቀት ወር ነው። መብራቱ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይሄዳል። እንዲህ ባለ ጊዜ ካርቱም ውስጥ ቤቱን በሰው መሙላት የሚፈልግ የለም። እኔ ግን እጄን ዘረጋሁ።

ያኔ በሩ ሥር፣ ጫማ በሚወልቅበት ቦታ ነበር የምቀመጠው። መጥቼ አብሬ እንድጸልይ ፈቅደውልኛል እንጂ አባል አላደረጉኝም። ሕጋቸው ግልጽ ነው። አዲስ ሰው ጽዋውን ወስዶ፣ ማኅበሩን በቤቱ አስቀምጦ፣ አብልቶና አጠጥቶ በሰላም ከሸኘ ይቆጠራል። ወስዶ ካቃተው፣ ወይም ማኅበሩ ቤቱ ውስጥ ከተበጠበጠ፣ ኸላስ፣ አበቃ፣ ሁለተኛ አይጠየቅም።

ለምን ይህን ያህል ፈለግሽው የሚለኝ ሰው ካለ አንዲት ልጅ ልንገረው። አል-ጣኢፍ በሚባለው የካርቱም ሰፈር ሰው ቤት ስሠራ አጥር የምንጋራት የአገሬ ልጅ ነበረች፤ ቆሻሻ ስናወጣ እንገናኝና ትንሽ እናወራለን። ወባ ይዟት ሞተች። አሠሪዎቿ ማንን እንደሚጠሩ አላወቁም። በስንት ፍለጋ ሐበሻ ተሰብስቦ፣ ካህን መጥቶ፣ ፍትሐት ሊደረግላት ሲል ካህኑ "ስመ ክርስትናዋ ማነው?" ብለው ጠየቁ። የሚያውቅ ጠፋ። እኔን አዩኝ። እኔም አላውቅም። በየቀኑ የማወራት ልጅ። እዚያ ቆሜ፣ የእኔንስ ማን ያውቃል ብዬ አሰብኩ። ባሌ ያውቃል። ባሌ ከእኔ በዕድሜ ብዙ ይበልጣል። ከእሱ በኋላስ?

ስለዚህ እጄን ዘረጋሁ። ጽዋውን በነጠላዬ ሸፍኜ ረክሻ፣ ባለ ሦስት እግሯ ባጃጅ፣ ላይ ስወጣ ነው ቤቴ ትዝ ያለኝ። ቤቴ ውስጥ ባቡር አለ።

ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ አሮጌ ሆሽ፣ ከአንድ የጋራ ግቢ፣ በስተጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች ቤታችን። ግቢውን ከአከራያችን ከሐጃና ከሌሎች ተከራዮች ጋር እንጋራለን። የክፍሏ ግድግዳ ወፍራም የጭቃ ጡብ ነው፤ ጣሪያዋ ደግሞ በእንጨት ወራጆች ላይ ሰሌን ተነጥፎ ጭቃ የተጫነበት። በሯ ጠባብ ናት፤ ወፍራም ሰው ጎኑን ሰጥቶ ነው የሚገባው። እዚህች ውስጥ ነው ባለቤቴ ሁለት ሰፋፊ ኮምፔንሳቶ ገጥሞ፣ እግር አብጅቶለት፣ በዙሪያው ሰው በጎኑ የሚያልፍበትን ብቻ አስቀርቶ ባቡር የዘረጋው።

ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ አጥር ሥር ያደገ ሰው ነው፤ ኋላም እዚያው የሀዲድ ንድፍ ይሠራ ነበር። ነገሩ ከፍቶበት ተሰዶ ካርቱም ከገባ ጀምሮ ኑሮው ሙከይፍ መጠገን ነው። መስኮት ላይ ተሰክቶ፣ በውሃ በራሰ ጭድ ውስጥ አየር እያናፈሰ ቤት የሚያቀዘቅዘውን የቆርቆሮ ሳጥን ነው ሙከይፍ የሚሉት። የውጭ አገር ሰዎች ወደ አገራቸው ሲመለሱ ዕቃቸው ከሚሸጥበት ገበያ አንድ ቀን የተሰባበረ የባቡር መጫወቻ አገኘ። ሎኮሞቲቩ ከመዳፌ አይበልጥም። አድሶት አስኬደው። ከዚያ በኋላ በየጊዜው ሀዲድ እየገዛ፣ ፉርጎ ከቆርቆሮና ከካርቶን እየሠራ፣ የሚያውቀውን የድሬዳዋን መስመር አሳንሶ መዘርጋት ያዘ።

ሳገባው ባቡሩ አልጋውን ቀድሞት ነበር። አንገሬቧን፣ በገመድ የተጠለፈችውን የአገሩን አልጋ፣ ከኮምፔንሳቶው ሥር አስገብተን ነው የምንተኛው። ቀና ስል ግንባሬን ድሬዳዋ ይመታኛል።

መጀመሪያ ላይ ያናድደኝ ነበር፤ በኋላ ግን እኔም ገባሁበት። ችግሩ ገብቶኝ ነው እንጂ ስለ ባቡር ምን አውቄ። ችግሩ ቦታ ነው። ባቡር ዝም ብሎ አይታጠፍም፤ መታጠፊያው ከጠበበ ሎኮሞቲቩ ራሱ ያልፍና ፉርጎዎቹ ይወድቃሉ። እንዲሰፋ ደግሞ ግድግዳው አለ። ባለቤቴ በጠመኔ ይስላል፣ ይደመስሳል፣ ደግሞ ይስላል። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ መስመሩ የእኔን የማብሰያ ጥግ በክንድ ያህል በልቶታል።

"ይኼ ምንድን ነው?" አልኩት።

"መታጠፊያ ነው። ካልሰፋ ይወድቅብኛል።"

"እኔስ የት ልውደቅ?"

ተደራደርን። ምድጃዬን ከታች አደረግሁ፣ ከላዩ ሀዲዱ አለፈ፣ እንፋሎቱ እንዳይነካው መሐል ቆርቆሮ ገባ። በጣም የጠበበውን መታጠፊያ ደግሞ በተራራ ሸፈንነው። ተራራው የእኔ ሥራ ነው፤ ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ እየደራረብኩ፣ ከሆሹ ቀይ አቧራ ነፍቼ ቀለም አደረግሁለት። ባለቤቴ ባቡሩ ከተራራው ጀርባ ገብቶ ሲጠፋ ፍጥነቱን ቀስ ያደርገዋል። "ትንሽ ዘግይቶ ከወጣ የሚያየው ሰው ሩቅ አገር ደርሶ የመጣ ይመስለዋል" ይለኛል። እውነቱን ነው። ተራራውን የሠራሁት እኔ ሆኜ እኔንም ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ ጽዋውን ይዤ የገባሁት እዚህ ቤት ነው። ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ ሀዲድ ያጸዳል።

"ምንድን ነው የያዝሽው?"

"ጽዋ።"

"የማን?"

"የእኛ።"

እጁ ላይ የነበረውን ፉርጎ ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ክፍሉን አየ፤ ዐይኑ በኮምፔንሳቶው ዙሪያ ዞሮ መጣ።

"የት ነው የሚቀመጡት?"

"ግማሾቹን ድሬዳዋ እናስቀምጣቸው" አልኩ፤ እንዲስቅ ነው። አልሳቀም።

ያን ሰሞን ድምፃችንን ሳናሰማ ተጣላን። በአንድ ሆሽ ውስጥ ጮክ ብሎ መጣላት አይቻልም። ለሁለት በመጋዝ ክፈለው አልኩት። ሀዲዱ መገጣጠሚያው ላይ ፀጉር ታህል ከተዛባ ከእንግዲህ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ እሱን ከምትቆርጪ እግሬን ቁረጪ አለኝ። ወደ ውጭ እናውጣው አልኩ። በበሩ እንደማይወጣ እያወቅሽ አለኝ። እውነት ነው፤ ውስጥ የተገጠመ ነገር ነው። ፍታው አልኩት። ሀዲዱ በኮላ ተጣብቋል፣ በምስማር ተመቷል፣ ሲነቀል ይጣመማል አለኝ።

"ጽዋውን መልሺ" አለ በመጨረሻ።

"ጽዋ አይመለስም።"

"ከባቡሩና ከማኅበሩ ምረጥ እያልሽኝ ነው?"

"እኔ እንዳልቀር እያልኩህ ነው።"

የዚያችን ልጅ ነገር ያን ጊዜ ነው የነገርኩት። ስጨርስ ሄዶ ጠመኔውን አነሣ።

መላውን ያገኘሁት እኔ ነኝ፣ ያውም ተጋድሜ። ራሴን ከኮምፔንሳቶው ጠርዝ አውጥቼ አንገሬቧ ላይ ተንጋልዬ ሳለሁ ከባቡሩ በላይ እስከ ጣሪያው ድረስ ያለው ባዶ ቦታ ታየኝ። ማንም የማይኖርበት፣ ኪራይ የምንከፍልበት ባዶ። "ለምን ወደ ላይ አይወጣም?" አልኩት። ባለቤቴ ቀና ብሎ አየና መለካት ጀመረ።

ከዚያ በኋላ የነበረው ጊዜ ደስ የሚል ነበር፤ ደስታ ላይ ሥጋት ሲጨመርበት ሰው እንዴት እንደሚሠራ ያኔ አየሁ። ገመድ በአራቱ ማዕዘን ይታሰራል። እያንዳንዱ ገመድ ወራጅ ላይ በተመታ መዘውር ያልፋል። አራቱም በአንዱ ጥግ ተሰብስበው ግድግዳ ላይ ካለ ብረት ጋር ይታሰራሉ። ከፍታው ደግሞ የረጅም ሰው ራስ እንዳይነካ ነው። መምሬ፣ ካህናችን፣ ረጅም ናቸው፣ ጥምጣማቸው ሌላ ርዝመት ነው። ፎጣ ጠምጥሜ፣ በእግሬ ጣቶች ቆሜ፣ ባለቤቴ ከላዬ ለካ። "መምሬ ከዘለሉስ?" አልኩት። "መምሬ አይዘሉም" አለ፤ ያን ጊዜ ሳቀ።

የጣሪያውን ማራገቢያ መንቀል ግድ ሆነ፤ ሁለቱ አብረው አይሆኑም። መስኮቱ ላይ ሙከይፉ አለ ብለን ተጽናናን። ሎኮሞቲቩንና ፉርጎዎቹን ሳጥን ውስጥ ከተትን፣ እግሮቹን ነቀልን፣ ሁለታችን ገመዱን ጎተትን። ድሬዳዋ ከነተራራው እየተንገጫገጨ ወደ ላይ ሄደ። ከሥሩ ነጭ ጨርቅ ወጠርኩለት፤ ከታች ሲያዩት ያጌጠ ጣሪያ ይመስላል። ባቡር እንዳለ ለማንም አልተናገርኩም። የማኅበሩ ሰዎች ትልቅ ሰው በመጫወቻ ቤቱን ሞላ ብለው ባለቤቴ ላይ እንዲስቁ አልፈለግሁም። ለቀናት ከሥሩ ተኛን፤ ምንም አልሆነም።

ከዚያ ዘነበ። የኸሪፍ፣ የክረምቱ፣ የመጀመሪያው ዝናብ፣ መጀመሪያ አቧራ፣ ቀጥሎ ጭቃ፣ ቀጥሎ ውሃ። ማኅበሩ አርብ ነው፤ አርብ በሱዳን የዕረፍት ቀን ስለሆነ ሰው ሁሉ ከሥራ ቤት ይወጣል። አርብ ጠዋት ዳቦው ተጋግሮ፣ ብርዙ ተበጥብጦ፣ ጠላ እንኳ አናደርግም፣ ፖሊስ ካገኘ መዘዝ ነው፣ ግድግዳውን ልጠርግ መጥረጊያ ሳነሣ ከውስጠኛው ግድግዳ ላይ የጣት ውፍረት ያለው እርጥብ የጭቃ መስመር አየሁ። ከወለሉ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ከወራጁ ጫፍ ጋር ሲደርስ ይጠፋል።

ባለቤቴን ጠራሁት። በካቻቢቴው ጫፍ ነካ ሲያደርገው ጭቃው ተፈረፈረ፣ ውስጡ ነጫጭ ነገር ተርመሰመሰ።

"አርዳ" አለ። ምስጥ ማለቱ ነው። ክፉ ነገር ሲሆን ዐረብኛው ይቀለዋል።

ወንበር ላይ ወጥቶ ወራጁን በካቻቢቴው እጀታ መታ። መሐሉ ድፍን ድምፅ አለው። ጫፉ፣ ግድግዳው ውስጥ የገባበት፣ እንደ ባዶ ቅል ጮኸ። ከአራቱ ገመዶች ሁለቱ የተንጠለጠሉት እዚያ ወራጅ ላይ ነው።

"ይይዛል?" አልኩት።

"እስካሁን ይዟል።"

"እሱን አልጠየቅሁህም።"

"እስኪሄዱ ይይዛል ብዬ ልማልልሽ?"

"ማል።"

"አልምልም።"

እናውርደው አልኩ፤ ሳልጨርሰው መልሱን ራሴ አወቅሁት። ከወረደ ክፍሉ ሞላ፣ ማኅበሩ የሚቀመጥበት የለም። ሆሹ ደግሞ ውሃ ተኝቶበታል። ሰዎቹ በዚያን ሰዓት ከየቤታቸው ወጥተው አምጃድ የሚሏትን ታክሲ እየጠበቁ ነው። ባለቤቴ ሮጦ ከሆሹ ጥግ ወፍራም አጣና አመጣ፣ ከሥሩ ሸክላ አድርጎ ከወራጁ በታች አስደገፈው። እኔ አጣናው ላይ ነጠላ ጠምጥሜ አበባ ሰካሁበት።

"አንቺ ሰው አስቀምጪ" አለኝ፤ "ከዚህ በታች ግን ማንንም እንዳታስቀምጪ። እኔ ገመዱን ከብረቱ አላልቼ ይዤ እቆማለሁ፣ ከባሰ ቀስ ብዬ አወርደዋለሁ።"

ከዚህ በታች የሚለው የክፍሉ ውስጠኛ ግድግዳ ነው። የትኛውም ሐበሻ ቤት ውስጥ ካህን የሚቀመጠው ከበር ርቆ፣ ውስጠኛው ግድግዳ ጋ ነው።

በመጀመሪያ ከማኅበሩ አባላት አንዷ፣ የካፉሪዋ የምንላት፣ መጣች። ካፉሪ ሰፈር አንድ ትልቅ ቪላ ውስጥ ናት የምትሠራው፤ ምላሷ ግን ለማንም አሠሪ አያድርም። ጣሪያውን አየች፣ አበባውን አየች።

"አንቺ፣ ሠርግ ነው እንዴ? ድንኳን ጥለሽ፣ ምሰሶ አቁመሽ።"

"እንዲያምር ብዬ ነው።"

"ማራገቢያውስ?"

"ተበላሽቶ።"

"ባልሽ ሙከይፍ ጠጋኝ ሆኖ ማራገቢያ አቃተው? ጫማ ሰፊ በባዶ እግሩ አሉ። ያላ፣ ይሁን።"

ሰዉ ገባ። ወንበር ከጎረቤት ተውሼ ከበሩ በኩል ደረደርኩ፤ በውስጠኛው ግድግዳ በኩል ዳቦውን በመሶብ ብቻ አስቀመጥሁ። መምሬ ሲገቡ የተሻለውን ወንበር በሩ አጠገብ ያለው መስኮት ጋ ዘረጋሁላቸው። "ከሙከይፉ ፊት ለፊት ይቀዘቅዛል፣ መምሬ።"

ሙሴዋ ከኋላቸው ገባች። አጭር፣ ቀጥ ያለች አሮጊት ናት፤ ካርቱምን ከእኛ ሁሉ በፊት የምታውቅ፣ ቅመም እየሸጠች ልጆች ያሳደገች።

"ካህን በር ላይ?" አለች።

"እማማ፣ ነፋሱ..."

"ነፋሱ እኔን ያግኘኝ። እርስዎ ይግቡ፣ መምሬ።" ወንበሩን ራሷ አንሥታ ወስዳ ከወራጁ ሥር፣ ከአጣናው አጠገብ አኖረችው። መምሬ ተቀመጡ።

ባለቤቴን አየሁት። ገመዱን በሁለት እጁ ጨብጦ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ማኅበሩን አሁን ላስነሣ? ገና ሰላምታ ሳይጨርሱ? እስካሁን ይዟል፣ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ያንኑ ያልተቀበልኩትን ቃል።

ጸሎት ተጀመረ። ሁሉም ቆመ፣ ሁሉም ሰገደ፤ ባለቤቴ አልሰገደም፣ ገመዱን ቢለቅ አይሆንም። ሙሴዋ ገረመመችው። የካፉሪዋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ወገቡን ያመዋል?" አለችኝ። "አዎ" አልኳት። መምሬ ጠበል ሲረጩ ጠብታው ነጩ ጨርቅ ላይ አረፈና ቀስ ብሎ ሰፋ። ከዚያ ተቀምጠው የዕለቱን ተአምር ማንበብ ጀመሩ። መምሬ ሲያነቡ አይቸኩሉም፤ በሌላ ቀን እወድላቸዋለሁ።

ያን ጊዜ መብራት ሄደ። ሙከይፉ እያጓራ ቆመ። ሙቀቱ ወዲያው መጣብን፤ ሴቶቹ በነጠላቸው ማራገብ ያዙ። ሙከይፉ ሲያጓራ ያልተሰማኝ ነገር አሁን ተሰማኝ። ከላይ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ ደረቅ እንጀራ ሲቆረስ እንደሚሰማ ያለ ድምፅ። ይቆማል። ደግሞ ይመጣል።

የዳቦው ልብስ ላይ ቢጫ ዱቄት የመሰለ ነገር አየሁ። ጎንበስ ብዬ በእጄ ጠረግሁት። ቀና ሳልል ሌላ መጣ። የእንጨት ዱቄት ነው፤ ምስጥ የጨረሰው። መምሬ አንድ ገጽ ገለጡ። ጥምጣማቸው ላይ፣ ትከሻቸው ላይ ያው ቢጫ ነገር አለ። እሳቸው አላዩም። የካፉሪዋ አይታለች፤ እኔን እያየች ናት፣ ቀልዱ ከፊቷ ጠፍቷል።

ንባብ አይቋረጥም። ተአምር ሲነበብ ሰው ይነሣል ወይ ይቀመጣል እንጂ አያቋርጥም። ባቋርጥ በቤቴ ማኅበር ተበጠበጠ ማለት ነው፣ እኔ ራሴ በጠበጥኩት ማለት ነው። የመጽሐፉን ቅጠሎች ከሩቅ ቆጠርኳቸው፣ የቀሩት ጥቂት ናቸው። እስካሁን ይዟል። ባለቤቴን ደግሜ አየሁት። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። ከንፈሩን ሳያላቅቅ ራሱን ወዘወዘ፤ አዎ ይሁን አይሁን አላወቅሁትም። ገመዱ ግን ከመዳፉ ቀስ እያለ ሲንሸራተት አየሁ።

ተነሣሁ። "መምሬ" አልኩ።

ማንበባቸውን ቀጠሉ።

"መምሬ፣ ይነሡልኝ። አሁን ይነሡልኝ።"

መምሬ ጣታቸውን ፊደሉ ላይ እንዳደረጉ ቀና አሉ። ሙሴዋ "ምን አልሽ?" አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፣ ዝቅ ሲል ነው የሚያስፈራው።

"ከላይ ባቡር አለ" አልኩ።

እንዴት እንደተሰማቸው አሁን ሳስበው እኔንም ይደንቀኛል። ያን ጊዜ ግን አንዳቸውም አልሳቁም። ባለቤቴ "ወራጁ በምስጥ ተበልቷል። ከባድ ነገር ተሰቅሏል። በቀስታ ውጡ" አለ። እጄን ዘርግቼ መምሬን ከወንበሩ አስነሣኋቸው። ወደ በሩ ሄዱ፣ አንድ በአንድ ጎናቸውን ሰጥተው ወጡ፣ መጫሚያቸውን ሳያገኙ በባዶ እግራቸው ሆሹ ጭቃ ውስጥ ቆሙ። ዳቦውን የካፉሪዋ አቅፋ ወጣች። ጽዋውን ሙሴዋ።

ወንዶቹ ተመልሰው ገቡ። ባለቤቴ አንዱን ገመድ ለአንዱ፣ ሌላውን ለሌላው አስያዛቸው። "እኔ ስል ብቻ ነው የምትለቁት። በስንዝር በስንዝር።" ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር፤ ቆፍጣና፣ ድሬዳዋ ላይ ሰው ያዘዘበት ይሆናል። ወረደ። ደግሞ ወረደ። ከሰው ትከሻ ዝቅ ሲል ወራጁ ተሰነጠቀ። አጣናው ሸርተት ብሎ ወደቀ፣ አንዱ ማዕዘን በክንድ ያህል ተወረወረ፣ ተራራዬ ሲቀደድ ሰማሁት። ገመዱን ግን አልለቀቁም። ከጣሪያው ትልቅ የእንጨትና የጭቃ ጓል ተቆርሶ፣ በኮምፔንሳቶውና በግድግዳው መካከል አልፎ፣ መምሬ የተቀመጡበት ወንበር ላይ አረፈ። ወንበሩ ለሁለት ሆነ።

መምሬ ከበሩ ላይ ሆነው ወንበሩን አዩና አማተቡ።

እግሮቹን ገጠሙለት፤ ያው እንደ ድሮው ክፍሉን ሞላው። ላዩ ላይ የተፈረፈረውን ጭቃ ስጠርግለት ሀዲዱ ወጣ፣ ጣቢያው ወጣ፣ ድልድዩ ወጣ። መታጠፊያው ተጣሟል፣ ተራራው ተከፍሎ ጋዜጣው ወጥቷል። ባለቤቴ ተንበርክኮ የተጣመመውን በአውራ ጣቱ ይዳስሳል። የካፉሪዋ አንገቷን አስገብታ ብዙ አየች።

"ይኼ ነው ያስወጣን?" አለች።

"ይኼ ነው።"

"እኔ ደግሞ ጠላ ደብቀሽ መስሎኝ።"

ከዚያ ሁሉም ወደ ሙሴዋ ዞሩ። እኔም። ባዶ እግሯን ጭቃ ይዞታል፣ ጽዋውን ደረቷ ላይ ይዛለች። የሚቀመጥበት የለም። በሆሹ መሐል ሐጃና ተከራዮቿ ቆመው እያዩን ንባብ አይነበብም። ወደ ሌላ ቤት ቢሄዱ ማኅበሩ የእኔ መሆኑ ቀረ።

"እንግዲህ በዚሁ ይብቃ..." ብላ ጀመረች ሙሴዋ።

"ለምን?" አሉ መምሬ። "ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆመን አይደል እንዴ የምንጸልየው።" መጽሐፋቸውን ይዘው በጎናቸው ገቡ፣ በኮምፔንሳቶውና በግድግዳው መካከል ባለው ጠባብ መንገድ ዞረው ውስጠኛው ግድግዳ ጋ ሊቆሙ ሲሉ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ፣ ተመልሰው መስኮቱ ጋ ቆሙ። ሌሎቹ ተከተሏቸው። ኮምፔንሳቶውን ዙሪያውን ከበቡት፣ ትከሻ ለትከሻ፣ የቀሩት በሩ ላይ። ዳቦው ኮምፔንሳቶው ላይ ባለው በረሃ መሐል፣ ሀዲድ በሌለበት ቦታ ተቀመጠ። መምሬ ካቆሙበት ፊደል ቀጠሉ።

ዳቦው ተቆረሰ። ብርዙ በኩባያ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ለሚቀጥለው ሰው ሲያቀብሉ ሁሉም እጃቸውን ከጣቢያው በላይ ከፍ ያደርጋሉ፣ ማንም ሳይነግራቸው። ባለቤቴ ያን ጊዜ ሰገደ።

ሲጨርሱ የካፉሪዋ ጽዋውን ወሰደች፤ የሚቀጥለው የእሷ ነው። እኔ የምጠብቀው ሌላ ነገር ነው። ሙሴዋ ጉሮሮዋን ጠረገች።

"ንባብ ተቋርጧል" አለች። "እኔ ከያዝኩት ጀምሮ ተቋርጦ አያውቅም። ካህን ከተበላ ጣሪያ ሥር ተቀምጧል።"

"እርስዎ ነዎት ያስቀመጧቸው" አለች የካፉሪዋ።

"እሷ ታውቅ ነበር፣ እኔ አላውቅም። በሩ ላይ ብትነግረኝ ኖሮ በሩ ላይ ቆመን እናደርገው ነበር። ባቡር መስቀሏ አይደለም፤ ቤቱ የእሷ ነው፣ ግመል ትስቀል። ሰው ከሥሩ አስቀምጣ ዝም ማለቷ ነው።" ወደ እኔ ዞረች። "ትቀጫለሽ። አንድ እሽግ ጧፍ።"

አንገቴን ደፋሁ። ዐይኔ ሞላ። ጧፉን አምጥቼ እሰናበታለሁ፣ እንዲያ ነው የገባኝ። የካፉሪዋ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

"ምን ያስለቅስሻል? እኔን ስንቴ የቀጡኝ ይመስልሻል?"

"አንቺማ አባል ነሽ።"

"ታዲያ እንግዳ ይቀጣል እንዴ? እንግዳ ሲያጠፋ ይሸኛል እንጂ።"

ሙሴዋን ቀና ብዬ አየኋት። ጫማዋን ከጭቃው ውስጥ እየፈለገች ነው፣ ፊቷ ላይ ምንም የለም።

"እማማ" አልኳት፤ "ጧፉን መቼ ላምጣ?"

"የሚቀጥለው ማኅበር፣ እዚችኛዋ ቤት።" በአገጯ የካፉሪዋን አሳየችኝ። አንዱን ጫማ አገኘች፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። "እንዳታረፍጂ። ያረፈደም ይቀጣል።"